በየደቂቃው አንድ ጊዜ

በቤቱ ስሙ «አቶ በራሱ» ነበር። ያወጣችለት ሚስቱ ናት። ሰውዬው ምንም ሥራ ቢታዘዝ «ቆይ፣ በራሱ እንዲሠራ ላድርገውና ከዚያ በኋላ ለዘላለም እናርፋለን» ሳይል ጀምሮ አያውቅም። አምፖል ቀይር ቢሉት አምፖሉ በራሱ የሚበራበትን መላ ሲፈልግ ቤተሰቡ ሳምንት ሙሉ በጨለማ ይደናበራል። በረንዳ ላይ ያለችውን አበባ ውሃ አጠጣ ሲባልም አራት ቀን ቱቦና ሽቦ ሲያገናኝ ቆየ። በአምስተኛው ቀን አበባዪቱ የማንንም እጅ ሳትጠብቅ ውሃ ጠጣች፤ በስድስተኛው ቀን ሰጥማ ሞተች። እሱ ግን «ዘዴው ሠርቷል፣ ልኩ ነው ትንሽ የበዛው» አለ እንጂ አልተጸጸተም።

ሙያው ፕሮግራም መጻፍ ነው። የመረጠውም ከሰው ጋር ብዙ ማውራት ስለማይጠይቅ ነው። ከሙያው ሁሉ ደግሞ አብልጦ የሚወደው ኤዲተሩን ነበር፤ ፕሮግራሙን የሚጽፍበትን ሰሌዳ ማለት ነው። ሌላው ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ያገኘውን ከፍቶ ሥራውን ይሠራል። እሱ ግን አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የራሱን ሴቲንግ ሲቀምም ኖሯል፤ የጀርባውን ቀለም፣ የፊደሉን መጠን፣ የትኛው ቁልፍ ሲነካ ምን እንደሚሆን። ሌላ ሰው እዚያ ኪቦርድ ላይ ቢቀመጥ አንድ ቃል ሳይጽፍ ሦስት ፋይል ያጠፋል። ከኮምፒውተር ጋር አብሮ የሚመጣውን ነጩን ተራ ኤዲተር ሲያይማ «የሕፃን መጫወቻ» እያለ ያፌዝበት ነበር።

ይሠራበት የነበረው ድርጅት ከተዘጋ ሰባት ወሩ ነው። በእነዚህ ወሮች ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው ሚስቱ ነበረች፤ በልብስ ስፌት ሱቋ። እሱም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። «አዲስ ሥራ ስገባ አዲስ ኮምፒውተር ይሰጡኛል፤ ያንን ሁሉ ሴቲንግ ከባዶ ልጀምር ነው?» የሚል ስጋት ገባውና አንድ ስክሪፕት፣ ማለትም ትእዛዞችን ተራ በተራ የሚፈጽም አጭር ፕሮግራም፣ መጻፍ ጀመረ። የፈለግከው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠህ አንዲት መስመር ብቻ ትጽፋለህ፤ ስክሪፕቱ ቤት ካለው ኮምፒውተር ሴቲንጉን ጎትቶ ያመጣና ኤዲተሩን አሳምሮ ይተክልልሃል። ቤት ያለው ላይ አንዲት ነገር ብትቀየር ደግሞ ያው ለውጥ ወዲያው ሌላውም ላይ ይደርሳል። ሴቲንጉን ለምን ሌላ ቦታ እንደማያስቀምጥ ሲጠየቅ «እኔ ዕቃዬን ሰው ቤት አላስቀምጥም» ይላል።

«ይህንን ነገር በእጅህ ብታስተካክለው ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል?» አለችው ሚስቱ አንድ ቀን።

«ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው።»

«ስክሪፕቱን መጻፍስ?»

«ሁለት ወር ተኩል። ግን አንዴ ነው እኮ!»

ሚስቱ የስፌት መኪናዋን ፔዳል ረግጣ ድምፁን ከእሱ ድምፅ አስበለጠችው።

ስክሪፕቱ ባለቀ በሳምንቱ ለክሊኒኮች የሕሙማን መመዝገቢያ ፕሮግራም የሚሠራ አንድ ድርጅት ለፈተና ጠራው። ለእያንዳንዱ ተፈታኝ አዲስ ኮምፒውተርና አንድ የተበላሸ ፕሮግራም ይሰጠዋል፤ በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ብልሽቱን ማግኘት አለበት። ይህ ካልተሳካ እሱ በሚስቱ ወንድም መጋዘን ተቀጥሮ ሳጥን እንዲቆጥር ተነጋግረው ጨርሰዋል። ሳጥን መቁጠሩን አልፈራም። የፈራው እዚያ መጋዘን ከገባ ወዲያ ፕሮግራም ጸሐፊ ነኝ ብሎ አፉን ሞልቶ መናገር እንደማይችል ነው። ይህንን ለሚስቱም አልነገራትም፤ እሷ ግን ታውቀዋለች።

በፈተናው ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አምስት ተፈታኞች ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ፈታኟ የክፍሉ ኃላፊ ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ከወንበር ወንበር የምትዘዋወር፣ ፈገግታዋ ቁጥብ የሆነ ሴት። አራቱ ወዲያው ሥራቸውን ጀመሩ። አቶ በራሱ ግን ጣቶቹን አንቋቋና ያቺን አንዲት መስመር ጻፈ።

ስክሪፕቱን ሲጽፍ ከእሱ በቀር ማንም ያየዋል ብሎ አላሰበም፤ እንዳይሰለቸው ብሎም በራሱ ላይ እንዲቀልድ አድርጎት ነበር። ስክሪኑ ላይ በትልልቅ ፊደል ይህ ወጣ፦

«አንተ ሰነፍ! ደግሞ አዲስ ኮምፒውተር? ሚስትህ ታውቃለች?»

ፈታኟ ከጀርባው ቆማ ነበር። «ማነው የሚሳደበው?» አለች።

«እኔው ነኝ» አለ፣ ጆሮው ድረስ እየቀላ። «ለራሴ ነው የጻፍኩት።»

«ከራስዎ ጋር ተጣልተዋል እንዴ?»

ወደ ኪቦርዱ ዞሮ ለስክሪፕቱ ጥያቄ «አዎ» ብሎ ጻፈ። ስክሪፕቱ «ውሸታም። እንቀጥል» አለና ሄደ። ብዙም ሳይርቅ ቆመ። «ቤት ያለው ኮምፒውተር አልተገኘም።»

አቶ በራሱ ሁለቴ ሞከረ፣ ሦስቴ ሞከረ። ኮምፒውተሩን ጠዋት ሲወጣ እንደበራ ነው የተወው። ቤት የቀሩት ደግሞ አብረዋቸው የሚኖሩት አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ ብቻ ናቸው። ቆሌው ተገፈፈ።

ስልክ መደወል ይቻል እንደሆነ እጁን አውጥቶ ጠየቀ። «ይቻላል» አለች ፈታኟ፣ «ግን እዚሁ፣ ሁላችንም እንድንሰማ ላውድ ላይ አድርገው። ሰው መልስ እንዲነግርዎ አንፈልግም።» ምን ያደርጋል? ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ላውድ ላይ አደረገው።

አማቱ ጡረታ ሳይወጡ ሠላሳ አንድ ዓመት ትምህርት ቤት ደወል ሲደውሉ የኖሩ ናቸው። በዚያ ሁሉ ዓመት ደወላቸው የዘገየው አንድ ቀን ነው፤ እሱንም ሰዓቱ ቆሞ ነው እንጂ እሳቸው አልዘገዩም።

«እማማ፣ እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩን ነቅለውታል እንዴ?»

«ያንን ጥቁር ሳጥን? ሰው በሌለበት ብቻውን ሲያጉረመርም ምን ላድርገው? ነቀልኩታ! ካውያ ሰክቼበታለሁ።»

«እባክዎ ካውያውን ነቅለው እሱን ይስኩልኝ።»

«ቀሚሴስ? ግማሹ እኮ ነው የተተኮሰው።»

«እማማ፣ ፈተና ላይ ነኝ።»

ወዲያው ሲነቅሉ ተሰማ፣ ሲሰኩ ተሰማ። ከዚያ ቁልፉን ፍለጋ ሆነ። አቶ በራሱ «ፊት ለፊቱ፣ ከታች፣ ክብ ነገር» ይላል፤ እሳቸው «ይቺ ናት? ይቺስ? ይቺማ ብሎን ናት» ይላሉ። ሁለት ጊዜ ስክሪኑን አጠፉት፣ አንድ ጊዜ ሬዲዮ ከፈቱ። እሱ ግን ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ጥርሱን ነክሶ «ግድ የለም እማማ፣ እንደገና እንሞክር» እያለ ቀጠለ። በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ሲጮህ በስልኩ ተሰማ።

«ፓስወርድ ስጠኝ ይላል። ምን ልስጠው?»

አቶ በራሱ ዙሪያውን አየ። አራቱ ተፈታኞች እጃቸው ኪቦርድ ላይ ነው፤ ጆሯቸው ግን እሱ ጋ ነው። «የልጅዎ የልደት ቀን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «በቁጥር ይጻፉት። አሥራ ስምንት...»

«አሥራ ዘጠኝ» አሉ አማቱ።

«የለም እማማ፣ አሥራ ስምንት ነው።»

«አንተ ሰው! የወለድኳት እኔ ነኝ ወይስ አንተ? በአሥራ ዘጠኝ ነው!»

«ይሁን፣ ልደቷ በአሥራ ዘጠኝ ነው። ፓስወርዱ ግን አሥራ ስምንት ነው።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ በአሥራ ስምንት ነው የምታከብርላት? እሷስ ዝም አለችህ?»

ከተፈታኞቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሊደብቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። አማቱ ሐሰት በእጄ አልጽፍም ብለው ድርቅ አሉ። አቶ በራሱ በአምስት የማያውቃቸው ሰዎች ፊት «ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ» ብሎ ቃል ከገባ በኋላ ነው አሥራ ስምንትን የጻፉለት።

ኮምፒውተሩ ተከፈተ። አንድ ነገር ግን ቀረ። ሚስቱ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ድምፅ ሰለቸኝ ስላለች፣ ሰው ካልነካው በሁለት ደቂቃ እንዲተኛ አድርጎታል፤ ጠዋት ሲወጣ ለዛሬ እንዳይተኛ ከልክሎት ነበር፣ ሲነቀል ግን ክልከላው ጠፋ። ሴቲንጉን ጎትቶ እስኪጨርስ መተኛት የለበትም።

«እማማ፣ የመጨረሻዋ ናት። ታች ያለችውን ረጅሟን ቁልፍ በየደቂቃው አንድ ጊዜ ይጫኑልኝ፣ እንዳይተኛ። ከእሱ ፈቀቅ እንዳይሉ።»

«እስከ መቼ?»

«እስክነግርዎ።»

«እሺ። የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ነው። ስማ ደግሞ፣ ይሄ ስልኬ ሊዘጋ...» አሉና የስልካቸው ባትሪ አልቆ ተዘጋ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ኮምፒውተሩ ይዞታል።

ሴቲንጉ እየተንቀረፈፈ መጣ። ፈተናው ከተጀመረ አንድ ሰዓት ከሩብ ሲሆነው ኤዲተሩ ጥቁር ጀርባውን ለብሶ፣ ፊደሎቹ በየቀለማቸው ደምቀው ተከፈተ። አቶ በራሱ ደስታው ፊቱ ላይ ፈሰሰ። የተበላሸውን ፕሮግራም ከፈተ፣ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች አነበበ፤ ከዚያ ስክሪኑ ድርግም አለ።

«ሴቲንግህ ተቀይሯል። እንደገና ልተክል ነው። አንተ ሰነፍ! ደግሞ አዲስ ኮምፒውተር? ሚስትህ ታውቃለች?»

«አዎ» ብሎ ጻፈ። ኤዲተሩ ተመልሶ ተተከለ። ሦስት መስመር እንዳነበበ ያው ድርግም፣ ያው ስድብ፣ ያው ጥያቄ። ሰዓቱን አየ። ልክ አንድ ደቂቃ። ያኔ ነገሩ ገባው። ቤት ያለው ኮምፒውተር ሲበራ በራሱ የሚከፍተው የሴቲንጉን ፋይል ነው። አማቱ ረጅሟን ቁልፍ በተጫኑ ቁጥር ፋይሉ ውስጥ አንዲት ባዶ ቦታ ትጨመራለች፤ እሷም ወዲያው እሱ ጋ ትደርሳለች። ሁለት ወር ተኩል የለፋበት ነገር አንድም ስህተት የለበትም፤ እንደታዘዘው እየሠራ ነው። አማቱም እንደዚያው።

ሊደውልላቸው ሞከረ። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልቻልንም» አለችው የማትታየዋ ሴት። የኢንተርኔቱን ገመድ እንዳይነቅል የፈተናው ፕሮግራም የሚመጣው በዚያው ገመድ ነው። እንዳይለዋወጥ አድርጎ ሴቲንጉን ሊያስተካክል ሲጀምር ደቂቃዋ ትሞላና ሁሉም ከባዶ ይጀምራል። እልህ ያዘው። አንድ ደቂቃ ውስጥ አርባ ሰከንዱ ለተከላ ይሄዳል፤ በቀረችው ሃያ ሰከንድ እንደ ሌባ እየተጣደፈ ያነባል። አጠገቡ ያሉት ተፈታኞችም ለመዱት፤ «ሚስትህ ታውቃለች?» ሲል ሁሉም በአንድ አፍ «አዎ!» ይላሉ፤ «ውሸታም» ሲል ይስቃሉ።

ሃያ አምስት ደቂቃ ሲቀር ፈታኟ ጎንበስ አለችና «ኮምፒውተሩ ይዞት የመጣው ተራ ኤዲተር አለ እኮ» አለችው። ድምፅዋ ውስጥ ሹፈት አልነበረም፤ እሱ ነው የባሰው።

መጋዘኑ በዓይኑ መጣ። ሳጥን በሳጥን ላይ። የሕፃን መጫወቻውን ከፈተ። ነጭ ነው፣ ቀለም የለው፣ ጌጥ የለው። ጣቶቹ የለመዱትን ቁልፍ ይነካሉ፣ ምንም አይሆንም። ስለዚህ አንድ በአንድ፣ እንደማንም ሰው፣ ማንበብ ጀመረ። የሚገርመው ፕሮግራሙ ያው ፕሮግራም ነው። ብልሽቱን በአሥራ ስድስት ደቂቃ አገኘው፤ ሁለት መዝጋቢዎች በአንድ ቅጽበት ሲመዘግቡ ለሁለት ሕሙማን አንድ ቁጥር ይሰጣል። አስተካከለው። ሁለት ደቂቃ ሲቀረው እጁን አነሣ።

ፈታኟ ሌሎቹን አሰናብታ እሱን አስቀረችው።

«ብልሽቱን አራታችሁ አግኝታችኋል» አለች። «ለፕሮግራም ጸሐፊነት የምወስደው ቀድሞ የጨረሰውን ነው። እርስዎን የምፈልግዎ ለሌላ ነው። ሃያ ሰባት ክሊኒኮች አሉን። ከጠዋት እስከ ማታ ይደውላሉ፤ አልበራ አለን፣ ጠፋብን፣ ምኑን እንጫን ይላሉ። እዚያ ቦታ ከሁለት ወር በላይ የቆየ ሰው የለኝም፤ ሁሉም መጮህ ይጀምራል። እርስዎ እኒያን እናት ሲመሩ አንዴም አልጮሁባቸውም። ብልሽቱንም ራስዎ ማስተካከል ይችላሉ። ይመጣሉ?»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ከሰው ላለማውራት ሲል በገባበት ሙያ ቀኑን ሙሉ ስልክ ሊያነሣ ነው። ከፋው፤ በጣም ከፋው። ግን ከቅሬታው ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ማንም «እርስዎን እፈልጋለሁ» ብሎት አያውቅም። «እመጣለሁ» አለ፣ ድምፁ ትንሽ ተሰባብሮ።

በቀጥታ ወደ ሚስቱ ሱቅ ሄደ። እሷ መርፌውን ጨርቁ ላይ እንደሰካች ተነሥታ አቀፈችው። ምሳ እየበሉ ሁሉንም ተረከላት፤ ስለ ስድቡ፣ ስለ ካውያው፣ በየደቂቃው ስለምትመጣው ባዶ ቦታ። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ልደትሽ በአሥራ ዘጠኝ ከሆነ ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«በአሥራ ስምንት አንተ ታስታውሰኛለህ፤ በአሥራ ዘጠኝ እናቴ። ሁለት ቀን ነበረኝ፤ ምን ቆርጦኝ አንዱን አጠፋለሁ?»

ሱቁን ቀደም ብላ ዘጋች። በእግራቸው ዞር ዞር አሉ፣ ለአዲሱ ሥራ ሸሚዝ መረጡ፣ አንድ አጥር ጥግ ተቀምጠው ስለሚመጣው ወር አወሩ። ቤት ሲደርሱ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም።

በሩን ሲከፍቱ አማቱ ኮምፒውተሩ ፊት፣ የወጥ ቤቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ወገባቸው ቀጥ ብሏል፣ ዓይናቸው ግድግዳው ሰዓት ላይ ነው። ሳይዞሩ አንድ እጃቸውን አንሥተው «ቆዩ፣ እንዳታናግሩኝ» አሉ። የሰዓቱ ቀጭን ቆጣሪ ወደ ላይ ደረሰ። ረጅሟን ቁልፍ ተጫኑ። ከዚያ ዞሩ።

«ፈተናው አለቀ ወይስ ልቀጥል?»

አቶ በራሱ ከበሩ ላይ መንቀሳቀስ አቃተው። ሚስቱ የያዘችውን ዘንቢል ወለሉ ላይ ለቀቀችው። «እማዬ! ከጠዋት ጀምረሽ?»

«ሁለቴ ብቻ ነው የተነሣሁት፤ እሱንም እየሮጥኩ ነው የተመለስኩት» አሉ፣ አንዳች ጉድለት የተገኘባቸው መስሏቸው። «ያቺ ብልጭ ብልጭ የምትለው ሰረዝ እስከ ዳር ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። እኔ ግን ከደቂቃዋ አላሳለፍኳትም።»

«ምሳስ?»

«ፈቀቅ አይበሉ ብሎኛል እኮ።»

ሚስቱ ወደ ባሏ ዞረች። አብራው ስትስቅ ውላለችና ወቀሳው ለእሷም ነበር። እሱ ሄዶ በርጩማው አጠገብ ተንበረከከ።

«እማማ» አለ፣ «ረሳሁዎት።»

«መርሳት ያለ ነው» አሉ። «ሥራውንስ?»

«አገኘሁት።»

«በዚህ ነው ያገኘኸው?» አሉ ወደ ጥቁሩ ሳጥን እያመለከቱ።

«በእሱ አይደለም። በእርስዎ ነው።»

ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቁም። ቀሚሳቸውን አስተካክለው «እንግዲያስ ልነሣ» አሉ። ጉልበታቸው ግን እምቢ አለ። እሱ በአንድ ክንዳቸው ገባ፣ ሚስቱ በሌላው ገባች፤ ቀስ አድርገው አነሡዋቸው። ገና ቀጥ ሳይሉ ዓይናቸው ወደ ሰዓቱ ሄደ። ደቂቃዋ ሞልታለች። እጃቸው ሳያስቡት ወደ ረጅሟ ቁልፍ ተዘረጋ።

እሱ ያንን እጅ መንገድ ላይ ያዘው፤ ኮምፒውተሩም እስኪተኛ ድረስ አልለቀቀውም።